ውሉ እንዳይጠፋ፦ ለፀረ ሰው ፈንጂ እገዳ ስምምነት አባል መንግሥታት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለስምምነቱ አባል መንግሥታት በሙሉ
ከስምምነቱ ለመውጣት ለወሰኑ መንግሥታትም ጭምር

ጉዳዩ፦ ከስምምነቱ የመውጣትና ስምምነቱን የማገድ (ለጊዜው የማቋረጥ) ውሳኔዎችን ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በተለያዩ አገሮች መሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ እየፈለግን የምናመክን ሠራተኞች ነን። አብዛኞቻችን ሕግ አልተማርንም። ይሁን እንጂ በ1997 በኦታዋ የተፈረመውን ስምምነት በእጃችን እናውቀዋለን። እናንተ በጠረጴዛ ላይ የፈረማችሁትን አንቀጽ እኛ በጉልበታችን ተንበርክከን ስንፈጽመው ኖረናል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንድንጽፍ ያስገደደን በ2025 የሆነው ነው። በጁን 27 ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ እና ሊቱዌኒያ ከስምምነቱ እንደሚወጡ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በይፋ አሳወቁ። በጁላይ ፊንላንድ፣ በኦገስት ደግሞ ፖላንድ ተከተሉ። በዚሁ ሰሞን ዩክሬን ስምምነቱን በጦርነቱ ምክንያት እንዳገደች አስታወቀች። ከዚህም ቀደም ብላ ሊቱዌኒያ በማርች ወር ከክላስተር ቦምብ (ብዙ ትናንሽ ቦምቦችን የሚበትን ቦምብ) እገዳ ስምምነት ወጥታለች፤ ከእርሷ በፊት ከዚያ ስምምነት የወጣ አገር አልነበረም።

የወጡት አገሮች በየፓርላማቸው መክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ነው የወሰኑት። ፍርሃታቸውንም አናቃልልም። ጎረቤታቸው ሩሲያ የስምምነቱ አባል አይደለችም፤ በ2022 በዩክሬን ላይ በከፈተችው ሙሉ ወረራም ፈንጂ በስፋት ቀብራለች። ጠላት በድንበር በኩል ሊመጣ ይችላል ብሎ ሌሊቱን በዐይኑ የሚያነጋ ሕዝብ የእኛን ወቀሳ ለመስማት ጊዜ እንደሌለው እናውቃለን። ነገር ግን ጦርነቱ ሲያበቃ ወደዚያው ድንበር የምንላከው እኛ ነን። ስለዚህ ድምፃችን እንዲሰማ እንጠይቃለን። ቅሬታችንም ለወጡት ብቻ አይደለም፤ ዝም ብላችሁ ላያችሁትም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ቃልን ይመለከታል። የስምምነቱ አንቀጽ 1 አባል አገሮች ፀረ ሰው ፈንጂን «በማንኛውም ሁኔታ ፈጽሞ» እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። «ሰላም እስካለ ድረስ» አይልም፤ «ጎረቤታችን እስከፈረመ ድረስ»ም አይልም። አንቀጽ 20 ለመውጣት ይፈቅዳል፤ መውጣቱ የሚጸናው ግን ማስታወቂያው ከደረሰ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ያ አገር በጦርነት ላይ ከሆነ ደግሞ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በውሉ እንደታሰረ ይቆያል። በጦርነት ጊዜ ቁስለኞችን፣ ምርኮኞችንና ሲቪሎችን የሚጠብቁት የ1949ኞቹ የጄኔቫ ስምምነቶችም ተመሳሳይ ድንጋጌ አላቸው። ይህን የጻፉት ሰዎች የዋህ አልነበሩም። የጄኔቫዎቹን የጻፉት ትልቅ ጦርነት ያዩ ናቸው። የጦርነት ሕግ ከሌላው ሕግ የሚለየው ሥራው የሚጀምረው ሁሉም ነገር ሲፈርስ በመሆኑ ነው፤ ጦርነት ሲመጣ የሚተው ከሆነ መጀመሪያውኑ ባልተጻፈ ነበር።

ታዲያ ደመናው ሲከብድ፣ ዝናቡ ሳይጀምር መውጣት የአንቀጽ 20ን ፊደል ያከብራል፤ መንፈሱን ግን ባዶ ያስቀረዋል። ማገድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ስምምነቱ ስለ ማገድ አንድም ቃል የለውም፤ «ይህ አንቀጽ እኔን አይመለከትም» ብሎ መፈረምን እንኳ በአንቀጽ 19 ከልክሏል። በጦርነት ላይ ያለ አገር ጨርሶ መውጣት ካልቻለ፣ ለጊዜው ማቋረጥ የሚችልበትን ምክንያት እኛ ማግኘት አልቻልንም። ዩክሬን የተጠቃች አገር ናት፤ ራሷን የመከላከል መብቷን የሚጠራጠር ከመካከላችን የለም። ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። ማን ጦርነቱን ጀመረ፣ ማንስ የመዋጋት መብት አለው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ውጊያው በምን መሣሪያና እንዴት ይካሄዳል የሚለው ሌላ ነው። የሁለተኛው መልስ ለወራሪውም ለተወራሪውም አንድ ነው፤ የጦርነት ሕግ መሠረቱ ይህ ነው። ፍትሕ ከእኔ ጋር ነው ያለ ሁሉ ከሕጉ ነፃ የሚሆን ከሆነ፣ ፍትሕ ከእኔ ጋር ነው የማይል ተዋጊ እስካሁን አላጋጠመንም።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ «ዘመናዊ ፈንጂ» የምትነግሩንን ይመለከታል። እዚህ ላይ ትንሽ እንድትታገሡን እንለምናለን፤ ሥራችን ስለሆነ።

የምንሠራበት መተላለፊያ አንድ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ግራና ቀኙ ጫፋቸው ቀይ በተቀባ ችካሎች ይለያል። የብረት መፈለጊያው ሲጮህ እንንበረከካለን። ሣሩን ከሥሩ በመቀስ እንቆርጣለን። ከዚያ ቀጭን ሹል ብረት ወደ መሬቱ አጋድመን፣ ከጎን በኩል በዝግታ እንሰዳለን፤ ከላይ ቀጥ አድርጎ የወጋ ሰው የሚያገኘው የፈንጂውን መርገጫ ነውና። ብረቱ አንድ ነገር ሲነካ እጃችን ይቆማል። አፈሩን በጣታችንና በትንሽ ብሩሽ እንጠርጋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሚስማር ነው፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ነው፣ የጥይት ቀለህ ነው። ለዚያ ሚስማር የሰጠነው ጥንቃቄ ለፈንጂ ከምንሰጠው በምንም አያንስም፤ ሚስማር መሆኑን የምናውቀው ካወጣነው በኋላ ብቻ ስለሆነ። ከሰውነቱ አብዛኛው ፕላስቲክ የሆነ ፈንጂ ደግሞ መፈለጊያውን ጨርሶ ሊያታልለው ይችላል። አንድ ባልደረባችን ቀኝ እግሩን ያጣው ጦርነቱ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥዋት፣ ሥራ በጀመረ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው።

አሁን የምትነግሩን ዘመናዊው ፈንጂ ጊዜው ሲደርስ ራሱን ያጠፋል የሚል ነው። በ1996 የተሻሻለውን የፈንጂ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የፈንጂ አጠቃቀምን የሚገድበውን ሌላ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እናንብበው። ከሩቅ ለሚበተኑ ፈንጂዎች ያስቀመጠው መለኪያ በ30 ቀን ውስጥ ራሳቸውን ሳያጠፉ የሚቀሩት ከመቶ አሥር እንዳይበልጡ፣ ከ120 ቀን በኋላ ደግሞ የሚሠሩት ከሺህ አንድ እንዳይበልጡ ነው። እንግዲህ 10,000 ፈንጂ ቢበተን 1,000 የሚደርሱት ሳይፈነዱ መሬት ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የሚሠሩት ከ10 መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። ይህም ፋብሪካው የተናገረው ሁሉ እውነት ከሆነ ነው። በእናንተ ሠንጠረዥ ላይ 10 ትንሽ ቁጥር ነው። ለእኛ ግን አሥሩ የትኞቹ እንደሆኑ ስለማይታወቅ አንዱ ሺህ ሙሉ በሙሉ ሕያው ነው። የሞተ ፈንጂና ያልሞተ ፈንጂ መልካቸው አንድ ነው። እርሻውን ትቶ የሸሸ ገበሬም ከሺህ አንድ የሚለውን ሰምቶ ልጆቹን ወደዚያ እርሻ አይመልስም፤ እኛም ተመለስ ብለን አንመክረውም።

የኦታዋ ስምምነት ይህን አስቀድሞ ስላወቀ ብልህና ደደብ ብሎ አልለየም። የከለከለው በሰው መገኘት፣ መቅረብ ወይም መንካት እንዲፈነዳ የተሠራውን ሁሉ ነው። ወታደር በዐይኑ አይቶ፣ ወስኖ፣ በገመድ ወይም በመቆጣጠሪያ የሚያፈነዳውን መሣሪያ አልከለከለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ውሳኔው በሰው እጅ ነው ወይስ በረገጠው ሰው እግር ሥር? ሲቪልን ከተዋጊ መለየት የጦርነት ሕግ የመጀመሪያ ግዴታ ከሆነ፣ መለየት የማይችል ነገር ይህን ግዴታ እንዴት ይፈጽማል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወደ ሰፈራችን መጣ። በመዳፉ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነበር፣ ሁለት ክንፍ ያለው፣ ከእጁ የማይበልጥ። ከአየር የሚበተን፣ ሠራተኞች «ቢራቢሮ» የሚሉት ፈንጂ ነው። በክንፉ ውስጥ ፈሳሽ ፈንጂ አለ፤ ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሰው ጫናው እየተጠራቀመ ሊያፈነዳው ይችላል። ልጁ «ይህን አገኘሁላችሁ» አለን፤ ደስ ብሎት ነበር። የቡድን መሪያችን ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ «ጎበዝ፤ አሁን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገህ መሬት ላይ አስቀምጠው፤ ከዚያ ወደ እኔ ና» አለው። ልጁ አስቀመጠው። መጣ። መሪያችን ልጁን አቅፎ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ቆየ። በ2023 ብቻ በዓለም ላይ በፈንጂና በጦርነት ቅሪት 5,757 ሰዎች እንደተገደሉና እንደቆሰሉ ተመዝግቧል፤ 84 በመቶው ሲቪሎች ናቸው። እንደዚያ ልጅ የሚደርስላቸው ሰው ያላገኙ ናቸው።

የሚጠቅም መሣሪያ ነው የሚለውም ክርክር አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1996 ባሳተመው ጥናት ከ1940 ወዲህ የተካሄዱ 26 ጦርነቶች ተመርምረው ነበር። የፈንጂ ወታደራዊ ጥቅም ውስን እንደሆነ፣ የሚያደርሰው ሰብዓዊ ጉዳትም ከጥቅሙ በእጅጉ እንደሚበልጥ ተደመደመ። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚሽር ምርመራ አድርጋችሁ ከሆነ ለሕዝብ አውጡት፤ እናነባለን።

ሦስተኛው ቅሬታ ካርታና አጥርን ይመለከታል። ካርታ እንይዛለን፣ በአጥር እንከልላለን፣ ጦርነቱ ሲያበቃ እናነሣዋለን የሚል ቃል ሰምተናል። በቅንነት የተነገረ እንደሆነ እናምናለን። ነገር ግን የፎክላንድ ደሴቶችን አስቡ። በ1982 ብሪታንያና አርጀንቲና በእነርሱ ላይ ያካሄዱት ጦርነት የፈጀው 74 ቀን ነው። ፈንጂ ያለባቸው ቦታዎች ታጥረው ነበር፤ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ የማጽዳቱን ወጪ የሸፈነችው ብሪታንያ ድሃ አገር አይደለችም። ዋናው የማጽዳት ሥራ የተጀመረው በ2009 ሲሆን የተጠናቀቀው በኖቬምበር 2020 ነው። ለ74 ቀን ጦርነት 38 ዓመት። በዚያ ነፋስ ውስጥ ተንበርክከው ከሠሩት ብዙዎቹ ከዚምባብዌ የሄዱ የሙያ ባልደረቦቻችን ናቸው፤ የራሳቸው አገር ድንበር ገና ፈንጂ ሳይጸዳለት።

ካርታ ደግሞ መሬቱ ባለበት ከቆየ ነው የሚያገለግለው። በጁን 2023 በዩክሬን የካኮቭካ ግድብ ሲፈርስ ጎርፉ ፈንጂዎችን ከነበሩበት ጠርጎ ወስዷል። ከዚያ በኋላ ካርታው የሚያሳየው ፈንጂ የነበረበትን እንጂ ያለበትን አይደለም። ካርታውን የያዘው መኮንን ይሞታል፤ የተቀመጠበት ጽሕፈት ቤት ይቃጠላል፤ ግንባሩ ወደፊትና ወደ ኋላ ይላል፤ የመጀመሪያው ቀባሪ በቀበረበት ላይ ሁለተኛው ይቀብራል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት አይታችሁ ከሆነ ይህ ነው፤ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም።

አራተኛ፣ ነገሩ በፈንጂ ብቻ አይቆምም። እስከ ዛሬ ከ1949ኞቹ የጄኔቫ ስምምነቶች የወጣ አንድም መንግሥት የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በቸልታ እንዳይፈርስ እንሰጋለን። የጦርነትን መሣሪያ የሚከለክል ስምምነት «ሁኔታው ተለውጧል» ተብሎ የሚፈታ ከሆነ ነገ ሌላው አገር የሌላውን ስምምነት አንቀጽ አንሥቶ ያንኑ ይላል። በአሁኑ ሰዓት ራሳቸው ዒላማ መርጠው ስለሚመቱ መሣሪያዎች እየተከራከራችሁ ነው። በዲሴምበር 2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 166 አገሮች በጉዳዩ ላይ ምክክሩ እንዲቀጥል ድምፅ ሰጥተዋል፤ ዋና ጸሐፊውና የቀይ መስቀል ኮሚቴዋ ፕሬዚዳንት እስከ 2026 አስገዳጅ ሕግ እንዲወጣ ጠይቀዋል። ፈንጂ ያለ ሰው ውሳኔ የሚገድል የቆየ መሣሪያ ነው። ሽቦና ሞላ ብቻ ካለው ዕቃ ላይ ክልከላውን እያነሣችሁ፣ ኮምፒውተር ባለው መሣሪያ ላይ ክልከላ እናወጣለን ብትሉ ማን ያምናችኋል?

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ እናልፋለን። በ2025 መጀመሪያ ላይ ትልቁ ለጋሽ አገር አሜሪካ የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በብዙ ቦታ የማጽዳት ሥራ በአንድ ቀን ተቋረጠ። ከእኛ አንዱ ቡድን ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ የደረሰው መተላለፊያው በግማሽ እንደተከፈተ ነው። ችካሎቹን እንደተተከሉ ትተን ወጣን። መንደሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቀይ ችካል የሚያልቅበትን እንጂ ፈንጂ የሚያልቅበትን አያውቁም።

ለመሆኑ ፊርማ ምን እንደሆነ ከሥራችን እንንገራችሁ። አንድ መሬት ጸድቶ ሲያልቅ ለባለመሬቶቹ ሰነድ እንሰጣለን፤ መሬቱ ደህና ነው ብለን እንፈርማለን። ወረቀቱን ሰጥተን አንሄድም። ባለመሬቶቹ ቆመው እያዩ ቡድኑ በሙሉ ጎን ለጎን ተሰልፎ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሄድበታል። መጀመሪያ የሚረግጠው የፈረመው ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ እግራችንን እንጂ ወረቀቱን አያዩም። ወዲያ ማዶ ስንደርስ ልጆቹ ይከተሉናል። አባል መንግሥታት በክምችት ውስጥ የነበረ ከ55 ሚሊዮን በላይ ፈንጂ እንዳጠፋችሁ እናውቃለን። ፊንላንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አጥፍታ በ2015 ጨርሳ ነበር፤ ፖላንድም እንዲሁ በ2016። ያን ጊዜ ፊርማችሁ ላይ ራሳችሁ እንደተራመዳችሁበት ቆጥረነው ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከስምምነቱ የወጣችሁ መንግሥታት እንድትመለሱ እንጠይቃለን። እስክትመለሱ ድረስ ደግሞ ፈንጂ እንዳትቀብሩ፤ ምርትና ክምችታችሁን በይፋ እንድታሳውቁ፤ የሚቀበር ቢኖር የእያንዳንዱ ቦታ ካርታ አንድ ቅጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአገራችሁ ውጭ በታመነ ዓለም አቀፍ ተቋም እንዲቀመጥ። የሰዎችን መኖሪያ፣ የእርሻ መሬትና ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ ፈጽሞ እንዳትነኩ።

በስምምነቱ የቀራችሁ መንግሥታት ስምምነቱን ማገድ ይቻላል ወይስ አይቻልም ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዳችሁ በጽሑፍ እንድትመልሱ እንጠይቃለን። አንዳንዶቻችሁ ተቃውሟችሁን ገልጻችኋል፤ ብዙዎቻችሁ ዝም ብላችኋል። በዓለም አቀፍ ሕግ የመንግሥታት ዝምታ እንደ ስምምነት ሊቆጠር እንደሚችል ከእኛ በተሻለ ታውቃላችሁ። አንድ መሪ ስለ አንድ ጦርነት የሚናገረውን ስለ ወዳጁ አገር ጦርነትም እንዲናገር እንፈልጋለን፤ ሩሲያ የቀበረችውን የምታወግዙ ሁሉ ወዳጆቻችሁ የሚቀብሩትንም በዚያው ቃል አውግዙ።

ፈንጂም ሆነ ክላስተር ቦምብ ለሌላ አገር የሚልክ፣ ወይም በግዛቱ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅድ አባል መንግሥት «በማንኛውም መንገድ አለመርዳት» የሚለውን ግዴታውን እንዴት እንደሚተረጉመው እንዲያስረዳ እንጠይቃለን።

ለማጽዳት ሥራ ገንዘብ የምትሰጡ ሁሉ፣ ስታቋርጡ ቢያንስ የተከፈተው መተላለፊያ እስኪዘጋና ቀሪው አደገኛ ቦታ ምልክት እስኪደረግበት ድረስ ጊዜ ስጡን። ከጉዳት የተረፉ ሰዎችን መርዳት በስምምነቱ የተጻፈ ግዴታችሁ ስለሆነ የሰው ሠራሽ እግርና የሕክምና በጀት ከቁጠባ ዝርዝር ይውጣ።

በመጨረሻም፣ ከእንግዲህ ማንኛውም ፓርላማ ከእንደዚህ ዓይነት ስምምነት ለመውጣት ድምፅ ከመስጠቱ በፊት በፈንጂ የተጎዳ አንድ ሰውና አንድ ፈንጂ አምካኝ ጠርቶ እንዲያዳምጥ እንጠይቃለን። ስንጠራ ካለንበት እንመጣለን። የምንሠራበትን ሹል ብረትና ከመሬት ያወጣናቸውን ሚስማሮች ይዘን እንመጣለን።

መልሳችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በተለያዩ አገሮች የሚሠሩ ፈንጂ አምካኞች
ስለ ባልደረቦቹ ሆኖ የጻፈው፦ የመስክ ቡድን መሪ